ፍሬኑ ደህና ነበር

ከላቫጆው ከወጣሁ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ነው። የዕድሜዬን ትልቁን ክፍል ደብረ ብርሃን ላይ ከመኪና ጎማ ሥር ቁጢጥ ብዬ አሳልፌዋለሁ። አሁን ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ ፀሐይ እስኪሞቃቸው ድረስ አይታጠፉልኝም፤ የሻይ ብርጭቆ የምይዘው በሁለት መዳፌ ነው። ባለቤቴ ዘነበች "ጡረታህ ይኸው ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። በእኛ ሥራ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። የደከመው ሰው ቦት ጫማውን አውልቆ ይሄዳል፣ በቃ።

ሰው መኪናውን ሲያሳጥብ የሚያየው ጣሪያውንና መስታወቱን ነው። እሱን ውሃና ሳሙና ያለው ሁሉ ያጥበዋል። የእኔ ሥራ ቸርኬ ነበር፤ ጎማው የሚገጠምበት ክቡ ብረት። ድሮ ቸርኬ ሁሉ ተራ ብረት ስለነበረ በክዳን ይሸፈናል፣ ዞሮ የሚያየውም የለም። አሉሚኒየሙ ሲመጣ ግን ባለመኪናው ሁሉ እንደ ፊት ጥርሱ ይሳሳለት ጀመር። አሉሚኒየም ቸርኬ ያምራል፤ ቆሻሻም ይወዳል። የአስፋልቱ ካትራሜ፣ የመንገዱ ጭቃ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የፍሬን ሸራ ብናኝ። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሸራው ይፈጫል፤ ብናኙ ከነግለቱ ይወጣና ቸርኬው ላይ ይጋገራል። የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ የተመለሰ መኪና ቸርኬው ቡናማ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ በጥፍር ቢፍቁት አይለቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። እኔ ከአረርቲ የመጣሁ፣ ብርድ የማላውቅ የቆላ ሰው ነበርኩ። ላቫጆው ውሃ ቀጂ አድርጎ ሲቀጥረኝ እሳቸው ጥግ ላይ ብቻቸውን ቸርኬ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ረዥም፣ ፂማቸው የሸበተ፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ውርጭ በጣለ ጠዋት ጎማው ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያስቸግረን ሌላው ሰው ይራገማል፤ እሳቸው ግን ደረቅ ብሩሻቸውን ይዘው ሥራቸውን ይጀምራሉ።

"መጀመሪያ ዳስሰው" ይሉኛል። ቸርኬውን በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል። ከሞቀ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ባለመኪናው ቢጮህም አይነሱም። "የጋለ ነገር ላይ ውሃ አይደፋም። ሰውም ሲቆጣ ዝም ነው የሚባለው።"

ሲቀዘቅዝ ደረቁን አቧራ ለስላሳ በሆነ የቀለም ብሩሽ ያራግፋሉ። ደረቁ ሳይራገፍ ውሃ ከነካው ጭቃ ይሆንና በጨርቁ ስትፈትገው ይቧጭረዋል። ከዚያ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ። አልለቅ ያለው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይተዉታል፤ እስኪለሰልስ ሌላኛውን ይጀምራሉ። ካትራሜ ካለበት በጨርቅ ጫፍ ትንሽ ላምባ ነክተው ያብሱና ወዲያው በሳሙና ያጥቡታል። የቡሎኑን ቀዳዳ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ጠባቡን ጥግ ጨርቅ በተጠቀለለበት የወይራ እንጨት። ሽቦም፣ አመድም፣ አሸዋም በአጠገባቸው አያስደርሱም። "ይህ የብረት ድስት አይደለም" ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር። ጎንበስ ብለው ቸርኬውን ከጀርባው በኩል ያሸቱታል። መጀመሪያ ሳይ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። እሳቸው አልሳቁም።

"ቆሻሻ ከየት እንደመጣ ይናገራል" አሉኝ። "ግራሶ፣ ጎማው እንዲሽከረከር የሚቀባው ወፍራም ቅባት፣ የናፍታ ዘመድ ነው፣ ይከብዳል። የፍሬን ዘይት ግን የቆየ ዓሣ የሚመስል ነገር አለው። ከብናኙ ጋር ሲቀላቀሉ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ዓይን እዚህ ላይ ያታልላል፤ አፍንጫ አያታልልም።"

ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጎልማሳነታቸው የከባድ መኪና ረዳት ነበሩ። ጣርማ በር ላይ ቆመው ወደ ደብረ ሲና ከመውረዳቸው በፊት አንዱ ጎማ ከጀርባው ረጥቦ አዩት። ለሹፌሩ ነገሩት። ሹፌሩ "ታች ደርሰን እናየዋለን" አለ። ታች የደረሱት ጋሽ ተሰማ ብቻ ናቸው። ይህን ከነገሩኝ በኋላ ብሩሻቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኋቸውም።

አብረን ስንሠራ ሁለት ሦስት መኪና በዚህ ዓይነት አስቁመዋል። ሁልጊዜም ልክ ነበሩ። ሹፌሮቹ እየተመለሱ ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ እጃቸውን ይዘው ያነሷቸዋል።

የላቫጆው የድሮ ባለቤት ሲሞቱ ልጆቻቸው ለአቶ ንጉሤ አስተላለፉለት። አቶ ንጉሤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ የታመመ ይጠይቃል። ግን ይቸኩላል። በከተማው ዳር ፋብሪካው ሲበዛ መኪናውም በዝቶ በራችን ላይ ይሰለፍ ነበር፤ እኛ ደግሞ አንድ ቸርኬ በጨርቅ ጠቅልለን እንጠብቃለን። አንድ ቀን በቢጫ ጀሪካን አሲድ ይዞ መጣ።

"ይህን በውሃ አቅጥናችሁ ርጩት" አለን። "አዲስ አበባ ሁሉም የሚሠራው በዚህ ነው።"

ራሱ ረጭቶ አሳየን። ነጭ ጭስ ወጣ፣ ያ ስንት ሰዓት የምንታገለው ቡናማ ቆሻሻ አረፋ ሆኖ ወረደ፣ ቸርኬው አበራ። ሌሎቹ ሠራተኞች አጨበጨቡ። ጋሽ ተሰማ ከጭሱ ፈቀቅ ብለው ቆመው ነበር።

"ቸርኬ የሚበላ ነገር ሰው አይበላም ብለህ ነው ንጉሤ?" አሉት።

"አፋችሁን ሸፈን አድርጋችሁ ትሠራላችሁ ጋሽ ተሰማ።"

"እኔ አልሠራበትም።"

በዚያው ቀን የወይራ እንጨታቸውንና ብሩሻቸውን ጠቅልለው ወጡ። እኔ ቀረሁ። የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩኝ፣ የምሄድበትም አልነበረኝም።

ከዚያ ያሉት ዓመታት አንድ ዓይነት ናቸው። አሲዱ ፈጣን ነው፤ ደጋግሞ የተረጨበት ቸርኬ ግን ወዙ ይገፈፍና አመድማ ይሆናል፣ ጠርዙም ይቦረቦራል። ባለመኪናው መንገዱ ያደረገበት ይመስለዋል። አፌን በሻርፕ ሸፍኜ እረጫለሁ፤ ክረምት ሲሆን በር ዘግተን ስለምንሠራ ጭሱ ቤቱ ውስጥ ይዞራል። አፍንጫዬ መቼ እንደተለየኝ አላውቅም። ዘነበች አንድ ቀን ከጓዳ ወጥታ "ወጡ አርሮ ቤቱ ሲታፈን አይሸትህም እንዴ?" አለችኝ። "ጉንፋን ይዞኛል" አልኳት። በደብረ ብርሃን ብርድ ጉንፋን ያልያዘው ማን አለ? እኔም አመንኩት።

የማልረሳው ቀን የሚካኤል ዕለት ነው። ከተማው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ላቫጆው ጭር ብሎ ነበር። ያለነው እኔና ከአጠገባችን ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ሽመልስ ነን። ጠዋት ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ነጭ መኪና አንደኛው ጎማው ተንፍሶ እየተጎተተ ደረሰ። የወረደው ሰው አርባን ያለፈ፣ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ፣ ሙሉጌታ የሚባል ነው። መጠባበቂያ ጎማውም ተንፍሶ ነበር።

"አንኮበር ነው የምሄደው" አለን። "አባቴ ታሟል፤ ዛሬ ካልደረስኩ..." ብሎ አልጨረሰውም።

ሽመልስ ጎማውን ፈትቶ አየው። አልተበሳም። የቸርኬው ጠርዝ ላይ ቆሻሻና ዝገት መሰል ነገር ተጋግሮ ጎማው አልገጥም ብሎት ነው አየር ያሾለከው። እንዲህ ሲሆን ቸርኬውን የማጸዳለት እኔ ነኝ። ተቀብዬ ቁጢጥ አልኩ።

ስገለብጠው ጀርባው ረጥቧል። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከመሃል ወደ ዳር እንደ ጨረር የተረጨ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። የመጣልኝ ሽታ አልነበረም። ግራሶ ቢሆን ኖሮ ይሸተኝ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ከባዱ የግራሶ ሽታ ከሌለ የፍሬን ዘይቱ ነው ብዬ። እንዲህ ነው ያሰብኩት።

"ወንድሜ፣ ይህ የፍሬን ዘይት ነው" አልኩት። "በዚህ አንኮበር አይወረድም።"

ገብቶ ፍሬኑን ረገጠው። "ጠንካራ ነው እኮ።"

"ቀስ ብሎ የሚያፈስ መጀመሪያ ላይ አይታወቅም። መንገዱን ያውቁታል፤ ጉም አለ፣ ጠመዝማዛ ነው። መካኒክ ይየው።"

ሽመልስ ለመካኒኩ ለግርማ ደወለለት። ስልኩ ዝግ ነው፤ ታቦት ሸኝቶ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ሙሉጌታ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ።

"መኪናውን እዚሁ ትቼ በሚኒባስ ብሄድስ?" አለኝ።

"ዛሬ በዓል ነው፤ ሚኒባስ እስኪሞላ ከሚጠብቁ ግርማ ቀድሞ ይመጣል" አልኩት። ያመንኩበትን ነው የነገርኩት።

ቸርኬውን እያጸዳሁ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው ሲጨንቀው ለማያውቀው ሰው ያወራል። እናቱ የሞተች ጊዜ እሱ ለሥራ ደቡብ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ ከቀብሩ በኋላ ደረሰ። አባቱ ይህን አልረሱለትም። በር ላይ ቆመው "እንግዳ መጣ" ብለው ነው የተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው የይምሰል ነው። አሁን ሲደክሙ ግን "ሙሉጌታን ጥሩልኝ" ማለት ጀመሩ።

"ምን ሊለኝ እንደሆነ እንጃ" አለኝ። "ቢረግመኝም እሰማዋለሁ።"

በዚህ መሃል እኅቱ ደወለች። ድምፅዋ ለእኔም ይሰማል። "የት ደረስክ? ቶሎ ድረስ፣ እየጠራህ ነው፣ ቶሎ በል።" ተነስቶ እንደገና ፍሬኑን ረገጠ። ወደ እኔ ሲመለከት አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላም ደጋግማ ደወለች፤ "ጎማ ተበላሽቶብኝ ነው፣ መጣሁ" ይላታል።

ቀትር አለፈ። ግርማ አልመጣም። ስልኩ አንዴ ጠራ።

"የት ነህ?" አለች እኅቱ። ድምፅዋ ዝግ ብሏል።

"ደብረ ብርሃን ነኝ። አሁን እነሳለሁ።"

"እሺ። ቀስ ብለህ ንዳ። አትቸኩል።"

ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ቆየ። ሽመልስ መዶሻውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ግን ቶሎ ድረስ ሲልህ የዋለ ሰው ቀስ በል ካለህ የሚጠየቅ ነገር የለም። ሙሉጌታ ከፊቱ ያለው ጎማ ላይ ተቀመጠና መዳፉን መዳፉ ላይ አድርጎ መሬቱን አየ። እኔ ጨርቄን እንደያዝኩ ነበርኩ።

ግርማ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ነጠላውን እንዳጣፋ። ቸርኬውን ገልብጦ በጣቱ ጠረገ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

"ይህ ግራሶ ነው" አለ። "ሰሞኑን የጎማውን ኩሽኔታ አስቀይረዋል?"

"ባለፈው ሳምንት" አለ ሙሉጌታ።

"አብዝተው ሞልተውት በሙቀት ቀልጦ ወጥቶ ነው። ፍሬኑ ደህና ነው።" ለማረጋገጥ ሌሎቹንም ጎማዎች አየ። "ደህና ነው" አለ እንደገና።

ሽመልስ ጎማውን ገጠመለት፤ ሙሉጌታ ቁልፉን ተቀብሎ ወደ አንኮበር መንገድ ታጠፈ። ቸርኬው ንጹሕ ነበር።

አቶ ንጉሤ በማግስቱ ሰምቶ ጠራኝ። "አንተ አጣቢ ነህ ደምሴ፤ መካኒክ አይደለህም። ሁለተኛ ስለ ፍሬን እንዳትናገር" አለኝ።

ጋሽ ተሰማ ያን ጊዜ አልጋ ይዘው ነበር። ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ግድግዳውን እያዩ ሰሙኝ።

"አሸተትከው?" አሉኝ።

"አሸተትኩት ጋሼ።"

"ምን ይላል?"

ከራስጌያቸው ጠርሙስ አንስተው፣ ለወገባቸው የሚቀቡትን ቅባት፣ ክዳኑን ከፍተው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉት። ዓይኔ አለቀሰ፤ ሽታ ግን የለም። ክዳኑን ገጠሙና ጠርሙሱን መልሰው አስቀመጡ። ተቆጥተውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዘው "ይዤህ መውጣት ነበረብኝ" አሉ። ያን ክረምት ሳይወጡ አረፉ።

ሙሉጌታ ከአባቱ አርባ በኋላ መጣ። ጥቁር ለብሷል፣ የተላጨው ጠጉሩ ገና እየበቀለ ነው። መኪናው እስከ መስኮቱ ድረስ ጭቃ ሲሆን ቸርኬዎቹ ጭራሽ አይታዩም። ሌሎቹ ልጆች ሊቀበሉት ሲሉ ወደ እኔ ጠቆመ። ጀሪካኑን አልነካሁትም። ደረቅ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ እርጥብ ጨርቅ። አቶ ንጉሤ ከበሩ ላይ ሆኖ አየኝና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ሙሉጌታ በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኩት።

"አሜን።"

ሁለት ቸርኬ አጥቤ ወደ ሦስተኛው ዞርኩ።

"ስሜን እየጠራ ነበር አሉኝ" አለ በኋላ። "ምን ሊለኝ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ስምህን ብቻ ነው የጠራው አሉኝ።"

ጨርቁን ጨመቅኩት።

"መንገድ ላይ ሁሉ ሳስብ የነበረውን ልንገርዎት ጋሼ። ፍሬኑ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ፣ ነፍሴን ያተረፉ ሰው ነዎት ብዬ በየዓመቱ በግ ይዤ እመጣልዎት ነበር። ፍሬኑ ደህና ሆነ። አሁን ምን ልበልዎት?"

"ምንም አይበሉኝ።"

"አልረግምዎትም። ማመስገንም አልቻልኩም። እንዲያው ቢያውቁት ብዬ ነው።"

"አውቀዋለሁ" አልኩት።

ስጨርስ ተነስቶ ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ ዞሮ አያቸው፣ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ሁለተኛ አልመጣም። አልፎ አልፎ ያ ነጭ መኪና በራችን ሲያልፍ አየው ነበር፤ የአባቱ ቤት እንደተቆለፈ ነው፣ እየሄደ ያየዋል አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠራሁ። መኪና ግን አስቁሜ አላውቅም። ጀርባው የረጠበ ቸርኬ ሳገኝ ሽመልስን እጠራና ያሸትልኛል፤ ሽመልስ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ የምጠራው ሰው አልነበረም።

ሥራ ያቆምኩበት ሳምንት አንድ ባልና ሚስት ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ደሴ ሲሄዱ ገቡ። የኋላ ቸርኬያቸውን ሳጥብ ከውስጥ በኩል ጥቁር እርጥበት አገኘሁ። በጣቴ ነካሁት። ጎንበስ አልኩ፤ ልማድ ነው፣ የሚሸተኝ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። አቶ ንጉሤ ከበሩ ላይ ነበር።

"ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ዘይት ነገር አለ፤ ለመካኒክ ቢያሳዩት" አልኩት ለሰውየው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እሺ አባባ፣ ደሴ ስንደርስ አሳያለሁ" አለኝ።

ወደ ሕፃናቱ አየሁ። አንዷ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ተኝታለች። የጋሽ ተሰማ ሹፌር ትዝ አለኝ፤ የአንኮበሩ ሰው አባትም ትዝ አሉኝ። ግራሶ ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል። ሰውየው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ቁልፉን ሰጠሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ከጣርማ በር የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ "መንገዱ ሰላም ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ሰላም ነው አሉኝ። ቅዳሜ ቦት ጫማዬን አጥቤ ፀሐይ ላይ ዘቅዝቄ አሰጣሁትና ለአቶ ንጉሤ በቃኝ አልኩት።

"እጅህ ነው?" አለኝ አዝኖ።

"አዎ፣ እጄ ነው" አልኩት።